ሥላሴን ለማስረዳት ወደ ገርጂ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ነሐሴ እየተገባደደ ሳለ አንድ ማለዳ ጃንጥላዬን ይዤ ከጉለሌ ወጣሁ። የጉዞዬን ዓላማ ለሰው ብናገር ያስቅብኛል፤ እኔ የልብስ ስፌት መኪናዬን ስረግጥ የምውል ሴት፣ የሥላሴን ምሥጢር ለአንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ላስረዳ መሄዴ ነበር።

ተማሪዋ የክርስትና ልጄ ሰብለ ናት። እናቷ አብሮ አደጌ ነበረች፤ ካረፈች ወዲህ ልጅቷ ከአባቷ ከአቶ ተሰማ ጋር ገርጂ ትኖራለች። ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ተመርጣ የመሄጃዋ ቀን ደርሶ ነበር። አባቷ ዋዜማውን ጎረቤቴ ቤት ስልክ ደውሎ አስጠራኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ልጅቷ አስጨነቀችኝ» አለ። «ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ ‹ሦስት እንዴት አንድ ይሆናል?› ብሎ ቢጠይቃት መልስ አጣች፤ ሳቁባት። አሁን ‹የማላውቀውን ነገር አንገቴ ላይ አስሬ አልሄድም፤ እትዬ ካላስረዱኝ ማተቤን ፈትቼ ለእሳቸው እመልሳለሁ› ትላለች። እኔ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ምን ልበላት?»

ማተቡን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። እሺ፣ እመጣለሁ አልኩና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

ጉለሌ፣ ከንስሐ አባቴ ዘንድ

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ገብረ መድኅን ነው። ዝናቡ ያካፋል፤ እሳቸው ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተጠልለው ቆመዋል። ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ፀሐይን ንገሪያት» አሉኝ። «ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ። ሦስት ብለሽ ትቆጥሪያለሽ፤ ፀሐይ ግን አንዲት ናት። ክበቡ የአብ፣ ብርሃኑ የወልድ፣ ሙቀቱ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ነው።»

ወደ ሰማይ ቀና አልኩ። «አባ፣ ፀሐይን ካየናት እኮ ሰነበትን።»

«ደመና ሸፈናት እንጂ የለችም?» አሉና ሳቁብኝ። ቀጥለው የነፍስን ነገሩኝ፤ ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ። እኔም ሌሊቱን ያወጣሁ ያወረድኩትን አቀረብኩ። ሦስት ጉልቻ አንድ ድስት ይሸከማል፤ ይህስ አይሆንም ወይ?

«ኧረ ተይ አንቺ ሴት! ጉልቻ ሦስት ድንጋይ ነው። አንዱ ቢነሳ ድስቱ ይደፋል። ሦስት አማልክት ልታስተምሪያት ነው?» ተቆጡ። ወዲያው ግን ድምፃቸውን አለዘቡ። «ስሚኝ፤ ምሳሌ ሁሉ ጎደሎ ነው። ምሳሌውን ስትነግሪያት ጉድለቱንም አብረሽ ንገሪያት። ጉድለቱን ራሷ ካገኘችው ምሳሌውንም እምነቱንም አንድ ላይ ትጥለዋለች።»

መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። ጉልቻዬን እዚያው ጥዬው ሄድኩ።

እስከ መገናኛ

እስከ አራት ኪሎ በከተማ አውቶቡስ፣ ከዚያ በውይይት ታክሲ ሄድኩ። ለማያውቁት፣ ውይይት ማለት ከኋላው ሁለት አግዳሚ የተገጠመለት፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ የሚሄድበት መኪና ነበር። ስሙ ውይይት ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን አፉን የሚከፍት አልነበረበትም። ሁሉም የሌላውን ጫማ ሲያይ ይወርዳል። እኔ ግን ትምህርቴ እንዳይጠፋብኝ «ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ» እያልኩ ሳነበንብ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወታደር ጎንበስ ብሎ፣

«እናቴ፣ የረሱት ዕቃ አለ?» አለኝ።

«የለም ልጄ፣ እንዳልረሳ ነው» አልኩት። ፈገግ አለ። ከሱ በቀር ማንም ቀና አላለም።

መገናኛ ስደርስ ዝናቡ ጠንከር ስላለ ከአንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይና ፓስቲ አዘዝኩ፤ ፓስቲው ትኩስ ስለነበረ ጣቴን አቃጠለኝ። ብርጭቆውን አየሁና አዲስ ምሳሌ መጣልኝ። ውሃ፣ ቅጠል፣ ስኳር፤ አንድ ሻይ! ደስ አለኝ። ግማሹን ሳልጠጣ ግን ደስታዬ ጠፋ፤ ስኳሩ ብቻውን ሻይ አይደለም፣ ወልድ ግን ብቻውን ቢጠራ ፍጹም አምላክ ነው። አባን በልቤ አማሁ። ጉድለት መፈለግ አስተምረውኝ፣ የገዛ ሻዬን አላስጠጣ አሉኝ።

ገርጂ

ያን ጊዜ ገርጂ ገጠር ነበር። ከመገናኛ ወዲያ በእግር ነው፤ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍና የቆርቆሮ ጣሪያ። ጭቃው ጥቁር መረሬ ስለሆነ የያዘውን አይለቅም። ገና ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ጫማዬን አስቀረው። ጎንበስ ብዬ ስታገል በሬዎቹን ይዞ የሚመለስ አንድ ገበሬ ቆመና በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ወዴት ነሽ?» አለኝ ቀጥሎ በአማርኛ።

«ተሰማ ጋር፣ መካኒኩ ቤት።»

«ልጅቷ ዛሬ ትሄዳለች አሉ። ጫማሽን በእጅሽ ያዢው፤ በዳር በዳር በሣሩ ሂጂ።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ከበላዬ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ አለፈ። በዚህ ዓይነቱ ነው የሚወስዷት እያልኩ፣ ጫማዬን አንጠልጥዬ፣ በባዶ እግሬ የነገረ መለኮት መምህር ሆኜ ገርጂ ገባሁ።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጎረቤቶች ዳቦ ደፍተዋል፤ አንዷ ለእግሬ ውሃ አቀረበችልኝ። ሰብለ ከውስጥ ወጥታ አቀፈችኝ፤ ከኔ በላይ ረዝማለች። ይዤላት የሄድኩትን ካፖርት ለካች። ከሳልቫጅ ገዝቼ ወፍራም ገበር የሰፋሁለት ነው። እጅጌው ልክ ሆነ።

ወደ ጓዳ ገባን፤ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጥን። ማተቧ አንገቷ ላይ አለ፤ ዓይኔ ሲያርፍበት አየችኝ።

«እሺ እትዬ» አለች፤ «ያስረዱኝ።»

ፀሐይን ነገርኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝና «ደስ ይላል» አለች፤ «ግን ብርሃኑና ሙቀቱ ከፀሐይዋ የሚወጡ ነገሮች ናቸው። ሙቀትን ‹አንተ› ብዬ ልጠራው እችላለሁ?»

«አባም ጉድለት አለው ብለዋል» አልኩ ፈጠን ብዬ። ነፍስን ነገርኳት።

«ልቤም ቃሌም እኔው ነኝ። ቃሌ መልሶ እኔን አይወደኝም።» ከዚያ የራሷን አመጣች። «እኔ የውሃን አስቤ ነበር። በረዶ፣ ውሃ፣ እንፋሎት፤ ነገሩ አንድ ነው።»

እዚህ ላይ ተበረታታሁ። «ጌታ ሲጠመቅ ወልድ በዮርዳኖስ ቆሟል፣ አብ በደመና ይናገራል፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። ያንቺ ውሃ ግን በረዶ ሲሆን እንፋሎት አይደለም፤ ልብስ እንደሚለውጥ ሰው ነው።»

«በላቦራቶሪ እኮ ሦስቱም አብረው የሚገኙበት ሁኔታ አለ፤ ቅዝቃዜውና ግፊቱ ልክ ሲሆን በረዶውም፣ ውሃውም፣ እንፋሎቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ይሆናሉ።»

ተሸነፍኩ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁባትም። ሳያት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ያም ቢሆን በረዶው ውሃውን አያውቀውም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እንባዋ መጣ። «እትዬ፣ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሳ ቄሱ ሲጠይቁ ስለ እኔ ‹አምናለሁ› ብለው የመለሱት እርስዎ ነዎት። እኔማ አፍ አልነበረኝም። እዚያ ብቻዬን ስሆን ሲጠይቁኝ ማን ይመልስልኛል?»

ለካ የጠራችኝ ለዚህ ነው። የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። እጇን ያዝኩና ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት።

«ባለቤቴ የሞተ ጊዜ» አልኳት፣ «ለሁለት ሰው ማብሰል መተው አቃተኝ። ሠርቼ አቀርባለሁ፤ የሚበላው የለም። ፍቅር የሚቀበለው ሲያጣ እንዴት እንደሚያንቅ ያን ጊዜ አየሁ። አንድ ቀን ቅዳሴ ቆሜ አሰብኩ። እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ሳይፈጥር፣ መላእክት እንኳ ሳይኖሩ፣ ማንን ይወድ ነበር? ብቻውን ቢሆን ኖሮ ፍቅር ኋላ የመጣለት ነገር ይሆን ነበር። ግን አይደለም። አብ ወልድን ይወደዋል፣ ወልድም አብን፤ መንፈስ ቅዱስም በዚያው ፍቅር አንድ ነው። መቼም ቢሆን ብቻውን አልነበረም። ይህን ሳስብ አለቀስኩና ቀለለኝ።»

«ሦስት ሰዎች እንደሚዋደዱ?»

«እሱ ነው ጉድለቱ። ሰው ቢዋደድም ይለያያል፤ ይኸው እኔና አንቺ ዛሬ እንለያያለን። እነሱ አይለያዩም። ፈቃዳቸው አንድ፣ ሕይወታቸው አንድ። ከዚህ ወዲያ አላውቅም ልጄ። ማተቡን ለኔ ብለሽ አትሰሪው። ብትመልሺልኝም ልጄ ነሽ።»

ማተቧን በጣቷ ነካ አደረገችው። አባቷ ከውጭ «ሰዓቱ ደርሷል» አለ።

ቦሌ

አቶ ተሰማ ከደንበኛው የተዋሳትን ሴቼንቶ የምትባል ትንሽ ፊያት ጭቃ ፈርቶ አስፋልቱ ዳር አቁሟት ነበር። ሻንጣውን ጎረቤቶች ተሸክመው አደረሱልን። እኔ ከኋላ ሻንጣውን አቅፌ፣ እሷ ከፊት ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከጭቃው ወጥተን ሰፊው የቦሌ መንገድ ላይ ስንገባ ሌላ አገር የገባን መሰለኝ፤ አስፋልቱ በዝናብ ታጥቦ ያበራል፣ በየምሰሶው ቀይ ባንዲራና መፈክር ተሰቅሏል። አቶ ተሰማ ሲነዳ በየመሃሉ ዞር እያለ ያያታል። መንገዱን እይ አላልኩትም።

የአውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ በሸኚ ተጨናንቋል። የሚሄዱት ተማሪዎች በሰልፍ ቆመዋል፤ ካኪ የለበሰ አንድ ወጣት ካድሬ ስም እየጠራ ያልፋቸዋል። ሰብለ ጋ ሲደርስ ካፖርቱ ስለሞቃት አንገቱን ከፍታው ነበር። ማተቡ ታየ። አልፈታችውም ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ካድሬው ቆመ።

«ጓድ ሰብለ፣ ሳይንስ ልትማሪ ነው የምትሄጂው» አላት፤ ክፉ ድምፅ አልነበረም፣ እንደ ቀልድ ነው። «እዚያ ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ? ሦስቱ እንዴት ነው አንድ የሚሆኑት?»

ከጎኗ የቆሙት ልጆች ሳቅ አሉ። እኔ ሸኚ እንዳያልፍ ከተዘረጋው ገመድ ወዲህ ቆሜ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር እግዜር ይወቀው። ዞር ብላ አየችኝ። ተናገሪልኝ የሚል ዓይን አልነበረም። አፌን ዘጋሁ።

«እንዴት እንደሆነ በቀመር አላውቀውም» አለችው። «ከመጀመሪያውም ብቻውን ያልነበረ አምላክ ነው። በሱ አምናለሁ። ስለዚህ እኔም ብቻዬን አልሄድም።»

ሳቁ ቆመ። አቶ ተሰማ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ፤ እስኪያመኝ ድረስ። ካድሬው ወረቀቱን አየት አደረገ፣ ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የካፖርትሽን አንገት ቆልፊ እህቴ» አላት፤ «እዚያ ብርድ ነው።»

ሌላ ሰው ሳያይብሽ ሸፍኚው ማለቱ ነበር። ጓድ ማለቱን ትቶ እህቴ አላት። ስሙን አላውቅም፤ ዛሬም በጸሎቴ ያ ልጅ እያልኩ አነሳዋለሁ።

ቆለፈች። ከአባቷ ጋር ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። እኔን ጉንጬን ሳመችኝና ጆሮዬ ላይ «የክርስትና ስሜን እንዳይረሱ» አለችኝ። ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። እንዴት እረሳዋለሁ? አውሮፕላኑ ተነስቶ ደመናው ውስጥ እስኪገባ ቆመን አየን። አቶ ተሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም ለማልቀስ አላፈርኩም።

ወደ ቤት

አቶ ተሰማ እስከ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አደረሰኝ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ብዬ ታክሲ ተጋፍቼ ገባሁ፤ ጉለሌ ስደርስ ገና አልጨለመም ነበር። እግሬ ላይ የገርጂ ጭቃ ደርቋል።

ይህ መንገድ ያስተማረኝ ብዙ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥላሴ የሚጠይቀኝ ልጅ ሲመጣ ፀሐይንም ነፍስንም እነግረዋለሁ፤ ከነጉድለታቸው። የራሴን ግን ዝም ብዬ አላወጣትም። ልጁ የሚጠይቀኝ ለክርክር ነው ወይስ ፈርቶ ነው ብዬ ዓይኑን አያለሁ። ለፈራ ልጅ ብቻ እነግረዋለሁ።

የዚያን ዕለት በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ እግሬን ታጥቤ ለጸሎት ቆምኩ። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ በዚያ ባዶ ክፍል የገዛ ድምፄን መስማት ስለሚያስፈራኝ የምጸልየው በሹክሹክታ ነበር። ያን ምሽት «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ያልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። አላስፈራኝም።