የአማት ግንባር

ጀቤሳ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። እንጨት ሲገዛ ከሌሎቹ አናጢዎች አይለይም ነበር፤ ዋንዛም ሆነ ወይራ፣ ዝግባም ሆነ ጽድ፣ የተገኘውን ይወስዳል። የሚለየው ከገዛ በኋላ ነው። ሳንቃውን በመላጊያ ልጎ የእንጨቱ መልክ ሲወጣ ራቅ ብሎ ያየውና ስም ያወጣለታል። ቀጭንና ቀጥ ያለ መስመር የሞላው «ዝናብ በቆርቆሮ» ነው። ግማሽ የተከደነ ዓይን የመሰለ አንድ ጉጥ ያለበት «ተረኛ ዘበኛ» ይባላል። አንደኛው ጫፍ ላይ ደምቆ ተነሥቶ መሐል ላይ የሚጠፋው ደግሞ «የደመወዝ ሰሞን» ነው።

ስሙ ለቀልድ ብቻ አልነበረም። ከአንድ ግንድ የወጡ ሳንቃዎች ጎን ለጎን ካልገቡ የቁምሳጥን በሮች እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ይሆናሉ። ስለዚህ ጀቤሳ በየሳንቃው ጀርባ ስሙን በኮፒያ እርሳስ ይጽፋል፤ ስሙን እያየ ያጋጥማል፤ ከዚያ ጽሑፉን ልጎ ያጠፋዋል።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራው ወጣ። እዚያ ስድስት ዓመት የክር ማሸጊያ ሳጥን ሲቸነክር ኖሯል። ሳጥኑ የባሕር ዛፍ ነው፤ ለባሕር ዛፍ ስም ማውጣት አልሆነለትም። አለቃው ደግ ሰው ስለነበሩ «እስከ ፋሲካ ቦታህን ለሌላ አልሰጥም» አሉት። ፋሲካው እየቀረበ ሄደ። ጀቤሳ ግን እስከዚያ ድረስ ከበርጩማና ከዳቦ መደርደሪያ ሌላ የሚያዘው አላገኘም።

በጾሙ አጋማሽ ወይዘሮ አሰለፈች መጡ። ሳሪስ ላይ ጠጅ ቤት አላቸው። ለልጃቸው ሠርግ ባለ ሁለት በር ቁምሳጥን አዘዙ፤ እንጨቱንም ራሳቸው መረጡ። ዘጠኝ ሞገድ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበበት ዋንዛ ነበር። ጀቤሳ ነገሩ ገባው። ቁምሳጥኑ ከተወደደ የጠጅ ቤቱ እንግዳ ሁሉ ይሰማል። ካልተወደደ ወደ ሳጥኑ መመለሱ ነው።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወይዘሮ አሰለፈች የወደፊት ምራታቸውን መዓዛን ይዘው ሥራውን ሊያዩ መጡ። ዞረው አዩት፤ በጣታቸው አንኳኩት፤ ደስ አላቸው። መዓዛ የቀኙን በር ከፈተች። ጀቤሳ የግራውን በር ጀርባ ልጎታል። የቀኙን ግን በጥድፊያ ረስቶ ቫርኒሽ ቀብቶበታል። ኮፒያ እርሳስ ሲረጥብ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል። መዓዛ ያንን ደማቅ ጽሑፍ አንብባ ሳቋ አመለጣት።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

መዓዛ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንብቢዋ! የተማረች ምራት አገኘሁ ብዬ የፎከርኩት ለዚህ ነው?»

«የአማት ግንባር ይላል፣ እትዬ።»

ወይዘሮ አሰለፈች በሩን መልሰው ዘጉና ዘጠኙን ሞገድ አዩ። እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ግንባራቸው ሄደ።

«አንተ፣ እኔን ነው?»

«ኧረ እኔ ልሙት! ስሙን ያወጣሁት እርስዎን ሳላውቅ ነው።»

«ታዲያ የማን አማት ናት?»

በጀቤሳ ቤተሰብ ልማድ ሰው የአማቱን ስም አይጠራም። «የእኔ» አለና ወደ ጓሮው ቤት በአገጩ አመለከተ።

«ጥራቸው። አይቼ ካልመሰሉ ቁምሳጥንህ እዚሁ ይቀራል። ቤቴ ለሚመጣ ጠጪ ሁሉም እነግርብሃለሁ።»

እማማ አቻምየለሽ ተጠርተው ወጡ። የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከልጃቸውና ከጀቤሳ ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። በቁጣቸው ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ያን ቀን ግን እንግዳ ስላዩ ፊታቸው በርቷል። «እንደምን ዋላችሁ! ምነው ደጅ ላይ? ግቡ እንጂ!» አሉ። ግንባራቸው እንደ ሸክላ ሳህን ለስልሷል።

«እኚህ ናቸው?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። «እኚህማ ልጃገረድ ናቸው!»

እማማ አቻምየለሽ ይህን ሲሰሙ ግንባራቸው የባሰውን ለሰለሰ።

ጀቤሳ አንዴ ቁምሳጥኑን፣ አንዴ አማቱን አየ። መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ እውነቱን መናገር።

«እማማ፣ ይህን እንጨት የሰየምኩት በእርስዎ ግንባር ነው። ሲቆጡ እንዲህ ይሆናል።»

መጀመሪያ ከቅንድባቸው በላይ አንድ መስመር ብቅ አለ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ሌሎቹ እየተገፉ ወጡ፤ ዘጠነኛው ከሻሻቸው ጠርዝ ሥር ገባ። ወይዘሮ አሰለፈች በጣታቸው አንዴ ሳንቃውን፣ አንዴ ሴትዮዋን እየጠቆሙ ቆጠሩ።

«በስመ አብ! ያቺ ጠመም ያለችዋ እንኳ አልቀረች!»

«ይኸውልሽ፣ ሳላውቀው እንጨት ሆኜ ኖሬያለሁ» አሉ እማማ አቻምየለሽ።

«ምርጥ እንጨት፣ እማማ።»

«አንተ ዝም በል!» ወደ ቁምሳጥኑ ሄደው ሞገዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወደ ወይዘሮ አሰለፈችም ዞሩ። «እውነት ይህን ወስደሽ ሙሽሮች መኝታ ቤት ልታቆሚው ነው?»

«ነዋ! እኔ እስኪላመዱ ራቅ ብዬ ነው የምኖረው፤ ይህ ይጠብቅልኝ።» ወይዘሮ አሰለፈች እስኪያስነባቸው ሳቁ። «ጽሑፉንም እንዳትነካው፣ ጀቤሳ። መዓዛ፣ ልጄን ልትቆጪው ስትነሺ መጀመሪያ በሩን ክፈቺ።»

«እሺ እትዬ» አለች መዓዛ፤ «እሱም ሲያመሽ እከፍትለታለሁ።»

ከሠርጉ በኋላ ከሳሪስ አራት ሴቶች በአንድ ሳምንት መጥተው «የአማት ግንባር» አዘዙ። ጀቤሳ ዋንዛ ፍለጋ እስከ ዱከም ወረደ። የተላገ ሳንቃ ሁሉ ግን እማማ አቻምየለሽ ሳያዩት ወደ ሥራ አይገባም። መነጽራቸውን አድርገው ይጎነበሱና አብዛኛውን ይመልሱታል።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» ይላሉ። «እንዲህ የምሆነው ጉንፋን ሲይዘኝ ነው። ሌላ አምጣ።»