ለዓባይ ማዶ የሠራሁት ዋንጫ

ፒያሳ ውስጥ ነሐስና ወርቅ ስሠራ አርባ ዓመት አልፎኛል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደልን ከሱቅ ታፔላ፣ ቅርጽ ማውጣትን ከራሴ እጅ፣ ኳስን ከሬዲዮ ተምሬያለሁ። በሦስቱም የሚስተካከለኝ እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ የደጀንና የጎሃ ጽዮን ኮሌጅ ተማሪዎች ዋንጫ ሲፈልጉ ወደ እኔ መላካቸው አያስደንቅም። ከተሞቹ በሁለት ክልል ናቸው፤ መካከላቸው ዓባይ ነው። ያለፈው ጨዋታ በድንጋይ ውርወራ ስላለቀ፣ ዘንድሮም ከተጣሉ ግጥሚያው ለዘለቄታው ይቀራል ተብለዋል። ዋንጫው ላይ በአንድ ጎን የደብረ ሊባኖስን አሮጌ ድልድይ፣ በሌላው የዓባይን ቀረጽኩ። የአሸናፊው ስም ቦታ ባዶ ይሁን ብለውኝ ነበር። ግን የልጄ ልጅ ራሔል ደጀን ትማራለች፤ የቡድኑን ጥንካሬ ስትነግረኝ ከርማለች። ሜዳ ላይ ሰው እየገፋኝ ከምጽፍ ብዬ ቤቴ ተረጋግቼ «ደጀን» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ከፒያሳ በታክሲ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አለፍን። ደብረ ሊባኖስ ወርጄ የድንጋዩን ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ። ከሥሩ ገደል ነው፤ ጭላዳዎች ጠርዙ ላይ ሣር ይነጫሉ። ፖርቹጋሎች ሠሩት የሚለውን አስጎብኚ አረምኩት፤ የሸዋ ሰው እጅ ነው።

በሌላ ሚኒባስ ቀጠልኩ። ከጎሃ ጽዮን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፍናል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። የዓባይ ድልድይ ከታች ሲታይ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሽንኩርት ነጋዴ፣ «ይህ ድልድይ የየትኛው ክልል ነው?» አልኳት።

«እኔ ሽንኩርቴ ሳይበሰብስ ልሻገርበት እንጂ፣ አባቴ» አለችኝ።

ደጀን፣ ዘጠኝ ሰዓት

ደጀን ቀድሞ አገባ። አጠገቤ ላሉት «ታያላችሁ» አልኩ። ጎሃ ጽዮን ሁለት አግብቶ ጨዋታው አለቀ።

ራሔል መጣች። «አባባ፣ ዋንጫውን ይስጡኝ፤ አምበላቸው እየጠበቀ ነው።» ከረጢቱን ከፍቼ አሳየኋት።

«ማን ይጻፉ አለዎት?» አለች ቀስ ብላ። «ይህን ካዩ ዋንጫው ቀድሞ ለእኛ ታስቦ ነበር ይላሉ። ይሸፍኑት፤ መንገድ ላይ ተሰበረ እንበል።»

የእኔ ሥራ ተሰበረ? ከዚያስ መዋረድ ይሻለኛል። ሜዳው መሃል ገብቼ ዋንጫውን ከፍ አደረግኩ። «ማንም አላዘዘኝም፤ በገዛ ግምቴ ጻፍኩ፤ ተሳሳትኩ» አልኩ። ከጎሃ ጽዮን ደጋፊዎች በኩል ፉጨት ተነሣ። አንዱ ወደ መሬት ጎንበስ ሲል አየሁ።

አምበላቸው ስሙን አነበበ። «አባባ፣ እኛ ዘጠና ደቂቃ ስንሮጥ እርስዎ ፒያሳ ተቀምጠው ጨረሱት?» አለ። ሳቁ ከሁለቱም ወገን መጣ። የጎነበሰውም ባዶ እጁን ቀና አለ።

«ይፋቁት እንግዲህ፤ እንጠብቃለን።»

ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሞረድኩ። የደጀን በረኛ ዋንጫውን በሁለት እጁ ያዘልኝ። ነሐሱ ሳሳ እንጂ አልተበሳም።

አሸናፊ የዓባይን ድልድይ በእግሩ የመሻገር ልማድ አለው፤ እኔም አብሬያቸው ተሻገርኩ። እሑድ ቀትር ፒያሳ ገባሁ። እጄ የሚያውቀውን ያህል ግምቴ እንደማያውቅ ተረድቻለሁ።

የፈጸምኳቸው እነዚህ ናቸው፦
ሁለት ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ፤
አስጎብኚ አረምኩ፤
ሦስት ፊደል ፍቄ አምስት ጻፍኩ፤ አንዱም አልተንጋደደም፤
ቡድኖቹ ለከርሞ ቀጠሮ ሲይዙ በቦታው ነበርኩ።