ጃርቱና የሲት ሱዓድ ጽጌረዳ

ልጅ ሳለሁ የከዳኝ አያ ዘለቀ ነው። ስሙን ሸፍኜ «አንድ ዘመዳችን» ብዬ ማለፍ አልችልበትም። የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ከጭልጋ ተነስቶ በእግሩ መተማን አልፎ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባ፣ በአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ግቢ አትክልተኛ የነበረ፣ ተረት እየነገረ ያሳደገኝ ሰው ነው። የከዳኝም በዘጠኝ ዓመቴ፣ በሁለት የአረብኛ ቃል ነው። ነገሩን ለመናገር ግን ከጽጌረዳው መጀመር አለብኝ፤ አለዚያ ቂመኛ ሴት የምትለፈልፍ ይመስላል። ቂመኛስ ነኝ፤ ግን በምክንያት ነው።

የነጋዴውን ሚስት ሲት ሱዓድ እንላት ነበር። እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን ልብሷን ታጥብላታለች፤ እኔም እናቴን ተከትዬ ሄጄ እዚያው ቀረሁ ማለት ይቻላል፤ ወደ ቁጢያችን፣ ወደ ሣር ጎጇችን፣ የምመለሰው ለመኝታ ብቻ ነበር። በግቢው ውስጥ አሥራ ሁለት ጽጌረዳ ነበር። ሲት ሱዓድ ከከሰላ ከተማ፣ ከእናቷ ግቢ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ነበር ያመጣቻቸው፤ እናቷም በዚያው ዓመት ሞተች። ጠዋት ጠዋት ቶቧን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ሰብስባ በአበቦቹ መሃል ቆማ ስታወራ አያት ነበር፤ ያኔ ከአበባው ጋር የምታወራ መስሎኝ እስቅባት ነበር።

የገዳሪፍን አፈር የማያውቅ ሰው እዚያ ጽጌረዳ ማሳደግ ምን እንደሆነ አይገባውም። ጥቁር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል፤ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ የተከሉትንም ሥር አፍኖ ይገድላል። አያ ዘለቀ ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጎ፣ አሸዋና የፍየል በጠጥ ቀላቅሎ ሠራው። በሙቀቱ ወራት የማሽላ አገዳ ዳስ ያጠላላቸዋል፤ ውሃው በአህያ ጋሪ ሲመጣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ቅጠሉን ሳንነካ፣ በጣሳ በጣሳ ከሥራቸው እናፈሳለን፤ ዝናቡ ሲበረታ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣውን ቅጠል እየለቀምን እናስወግዳለን። የጠወለገ አበባ ስቆርጥ ከኋላዬ ቆሞ «ከቡቃያው አንድ ጣት ከፍ በይ፤ ሰያፍ አድርጊው፣ ውሃ እንዳይቋጥር። ቡቃያው ወደ ውጭ የሚያይ ይሁን» ይለኛል። እሾህ ወግቶኝ «እሰይ» ካለ ተደስቷል ማለት ነው፤ «አሁን ተዋወቃችሁ» ይለኝ ነበር።

የተቆረጠውን አያሳድርም። «የጽጌረዳ ቁራጭ መሬት ላይ ካደረ ትል ይፈለፍላል» ብሎ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በበሩ አጠገብ ባለችው ክፍሉ ደጅ፣ በግማሽ በርሜል ውስጥ ያቃጥለዋል። ተረት የሚነግረኝም ያኔ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ብለምነው «እሳቱ የታለ?» ይለኛል። እርጥቡ እንጨት እያፏጨ አረፋ ይደፍቃል፤ እሾሁ ጠስ ጠስ እያለ ለብቻው ይፈነዳል፤ ጭሱ መጀመሪያ ይመርራል፣ ኋላ ግን ውስጡ የተረሳ ጣፋጭ ነገር ያለ ይመስል ይለዝባል። በረንዳው ላይ የተንጠለጠለችው ፋኖስ ስትበራ የአያ ዘለቀ ፊት ግማሹ ከፍሙ ቀይ፣ ግማሹ ከፋኖሱ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ሁለቱም ፊት የእሱ ነበር፤ ሁለቱንም እወድ ነበር።

አብዝቶ የሚነግረኝ የጃርቱን ነበር። አንበሳ በዋሻው ደጅ አንዲት ጽጌረዳ ነበረችው። ጃርት ያን ጊዜ ገላው እንደ ጥንቸል ለስላሳ ነበር፤ የጽጌረዳዋ ጠባቂ እሱ ነው፣ ሽኮኮ ደግሞ ተላላኪው ናት። አንድ ቀን ጃርቱ «ከርክሚያት» ብሎ ሽኮኮዋን አዘዛት፤ ከረከመቻት፤ ጽጌረዳዋም ደረቀች። አንበሳ እያገሳ ወጥቶ «ማን ነው የቆረጣት?» ሲል ሽኮኮዋ ድንጋይ ሥር ገብታ ተንቀጠቀጠች። ጃርቱ ግን ወደፊት ወጣና «የቆረጠው የእሷ ጥርስ ነው፤ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ» አለ። አንበሳ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የደረቀችውን ጽጌረዳ እሾህ አንድ በአንድ ለቅሞ ጃርቱ ጀርባ ላይ ተከለለትና «ለታናሹ የቆመውን ከእንግዲህ ማንም አይንካው» አለ። እዚህ ላይ አያ ዘለቀ ጉሮሮውን ጠርጎ «ትርንጎ፣ ጃርት እሾሁን ከየት አመጣ?» ይለኛል። «ከእውነቱ!» እላለሁ በጩኸት። ስንት ሐሙስ እንደጮህኩ!

ሲት ሱዓድ በዕድሜ እኔን የምታህል ኢማን የምትባል ልጅ ነበረቻት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ታነባለች፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ጣቷን በዓይኔ እከተላለሁ። አንድ ቀን ሲት ሱዓድ ከመስመሩ መሃል አንድ ቃል ሳነብ ሰማችኝ። እናቴን ጠርታ «ይቺን ልጅ በሚመጣው ዓመት ከኢማን ጋር አስገባታለሁ፤ ልብሷንም እኔ አሰፋለሁ» አለቻት። እናቴ ያን ዕለት ያጠበችውን ልብስ ሁለተኛ አጠበችው፤ ደስታዋን ምን ታድርገው? እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

በዚያ ዓመት ጽጌረዳዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁን ክርከማ ሊከረከሙ ነበር። ውሃ የሚያመጣልን አም ባቢክር የሚሉት ሽማግሌ «ዘለቀ፣ አትቸኩል። ዝናቡ ቢያቆምም ሙቀቱ ገና ተመልሶ ይመጣል። የሰሜኑ ነፋስ ይግባና ያኔ ቁረጥ» ብሎት ነበር። አያ ዘለቀ ሰውየው ዞር ሲል «አም ባቢክር ስለ አህያው ይንገረኝ» አለ። «እኛ አገር ጽጌረዳ የሚከረከመው በመስቀል ነው። አባቴም በመስቀል ነው የከረከመው።» ሲት ሱዓድ ኢማንን ይዛ ለሠርግ ፖርት ሱዳን ሄዳለች። የደመራው ዕለት ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቱ እሾህ ገብቶበት አብጦ ነበርና መቀሱን ለእኔ ሰጠኝ። «እስከ ጉልበትሽ አውርጃቸው» አለኝ። «ሁሉንም?» አልኩት። «ሁሉንም። ዛሬ ደመራ ነው።»

አሥራ ሁለቱንም ቆረጥኩ። ቁራጩን ሁሉ አቁሞ ጫፉን በገመድ አሰረው፤ አደይ አበባ ከየት ይመጣል፣ አንዲት ቢጫ ጨርቅ ጫፉ ላይ ቋጠረ። ጀምበር ስትጠልቅ ለኮሰውና ሦስት ጊዜ ዞርነው፤ እሱ በለሆሳስ እየዘመረ፣ እኔ እያጨበጨብኩ። ከጭልጋ ከወጣ ጀምሮ ደመራ አልለኮሰም ነበር። ጭሱ ነው እያለ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ያኔ ከዚያ የሚበልጥ ምሽት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ክፋቱ፣ ዛሬም አይመስለኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ቀይ ቀይ ቡቃያ ወጣ። አያ ዘለቀ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የጋሪውን መምጣት ጠበቀ፤ አም ባቢክርን ሊያሳየው። ከዚያ ሙቀቱ ተመለሰ። ቅጠል የሌለው እንጨት ከፀሐዩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ፤ ዳሱንም ክረምት ሲገባ አፍርሰነዋል። ቡቃያው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተጠቀለለ፤ ጥቁረቱ ከጫፍ ወደ ሥር ወረደ። አያ ዘለቀ ቢያጠጣም፣ ጆንያ ቢያለብስም አልሆነም። ሲት ሱዓድ ስትመለስ ዘጠኙ ደርቀው ነበር።

አልጮኸችም። ቶቧ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ሲነካ እንኳ አልሰበሰበችውም። «ዘለቀ፣ ማን ነው የቆረጣቸው?» አለች። አያ ዘለቀ መቀሱን ይዞ ቆሟል፤ እኔ ከጎኑ ነኝ። እውነቴን ነው፣ አልፈራሁም። አሁን ጃርቱ ወደፊት ሊወጣ ነው ብዬ ልቤ በኩራት ይመታ ነበር። አያ ዘለቀ መቀሱን አነሳና በጫፉ ወደ እኔ ጠቆመ።

«አልቢት ዲ» አለ። ይቺ ልጅ ናት ማለት ነው።

ቀጥሎ አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ሲት ሱዓድ መጥታ እጆቼን ገለበጠች፤ ጣቶቼ በእሾህ ጭረት ሞልተዋል። «የእናቴን ጽጌረዳ» አለች፤ ቀጥላም «ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይሽ» አለች። እኔ አሁንም የማየው አያ ዘለቀን ነው፤ እሱ የሚያየው መሬቱን ነው። ኢማን በረንዳው ላይ መጽሐፉን ከፍታ ቆማ ነበር። ስወጣ ዘጋችው።

በማግስቱ ተምር በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁጢያችን መጣ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ለልጅ ይረሳል» አለኝ። «እኔ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ከዚያ ካባረሩኝ ቁረይሻ ወርጄ ሰሊጥ ማጨድ ነው፣ በዚህ ወገቤ።» እናቴ ነገሩን ሁሉ ከእኔ ሰምታለች። ዞር ብላም ሳታየው «ዘለቀ፣ ተምርህን ይዘህ ውጣልኝ» አለችው። እሱ ትቶት ወጣ፤ እኛም አልነካነውም፤ የጎረቤት ፍየል በላችው። ጋዜጣውን ግን እኔ ወሰድኩት።

ለልጅ አልተረሳም። ልብሱም አልተሰፋም፣ ትምህርት ቤትም አልገባሁም። አረብኛውን ከዚያ ጋዜጣ፣ ከሱቅ ሰሌዳና ከስኳር ጆንያ ለቀምኩት፤ አማርኛውን ኡም ጋርጉር በሚባለው የስደተኞች ሠፈር አክስቴ ቤት ስከርም አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ በእንጨት እየጻፉ አስቆጠሩኝ። ካደግሁ በኋላ ልባሱ የተገነጠለ የአትክልት መጽሐፍ እጄ ገባ። ማታ በፋኖስ ስገልጠው የቆላ ጽጌረዳ ብርዱ ሲገባ እንጂ ቀድሞ አይከረከምም ይላል፤ አም ባቢክር ከአህያው ጎን ቆሞ የተናገረውን ማለት ነው። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ልጆቼ እንዳያዩኝ ተነስቼ ወጣሁ። የአያ ዘለቀ ጥፋት አለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አብሬው ስቄበት ነበር። አገሩ ናፍቆት የአገሩን ወር በሰው አገር ላይ ቆጠረ፤ ማን ያላደረገው አለ? ወረቀት ማጣትንም ከእሱ እኩል አውቄዋለሁ፤ ዛሬ የዚያን ጊዜ ዕድሜውን አልፌዋለሁና ፍርሃቱ ይገባኛል። የገባኝን ሁሉ ይቅር ማለት ግን አልተማርኩም።

ዛሬ በደጄ በዘይት ቆርቆሮ የተከልኳቸው ስድስት ጽጌረዳዎች አሉኝ። የምከረክማቸው በኅዳር ሚካኤል ግድም፣ የሰሜኑ ነፋስ ከንፈሬን ሲያደርቀው ነው። ቁራጩን ያን ዕለት አቃጥለዋለሁ። ተረት አልናገርም።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ጎረቤቴ «ያ የጽጌረዳው ሰውዬ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ ቱነይድባ መጠለያ ገብቷል፤ የልጅ ልጁ ጋ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል» አለችኝ። ሄድኩ። ከጽጌረዳዬ ሦስት ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ መያዜ ለራሴም ገረመኝ። መሸት ሲል ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ሥር አገኘሁት። ከሰሏ ፊት ተቀምጧል፤ ሰባት ስምንት ልጆች ከበውታል፤ «አንበሳ ብዙ ዝም አለ» ይላል። ድምፁ ያው ነው። ፍሙ ፊቱን በግማሽ ሲያቀላው ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ መጣ፤ ከመላው ልጅነቴ ያን ድምፅ የሚያህል የምወደው ነገር እንዳልነበረኝ ያኔ ገባኝ፤ የቀረውም ያው ነው፣ ድምፁና ጭሱ፣ ከነእሾሁ።

«ማን ናት የቆመችው?» አለ።

«ትርንጎ ነኝ።»

«ኧረ ትርንጎ!» እጁን ዘረጋ፤ ፊቱ በራ። «ልጆች፣ ይቺን ሴትዮ መቀስ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ወይ የእሷ ነገር! ያኔ ሳላያት የእመቤቲቱን ጽጌረዳ ከርክማ ከርክማ ጨርሳ ልታስገርፈኝ ነበር። እኔ ባልለምንላት ምን ይውጣት ነበር?» ብሎ ከልቡ ሳቀ። አልዋሸም፤ ይህ ነው የከፋው። አምኖታል። ልጆቹም አብረውት ሳቁ፤ ዓይናቸው ሁሉ እኔ ላይ ነው። ከመሃላቸው አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጅጌውን ጎትታ «አያ፣ ጃርቱስ? ከዚያ ጃርቱ ምን ሆነ?» አለችው።

እሱ መልስ ሳይሰጥ ቁራጮቹን ከጆንያው ጋር ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለትና እንዲህ አልኩት፦

«አያ ዘለቀ፣ ለልጆቹ እንደሆነው ንገራቸው። ጃርቱ ወደፊት አልወጣም፤ በመቀሱ ወደ ሽኮኮዋ ጠቆመ። ሽኮኮዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»