የካዛንችሷ ገብስማ ደምበል ድረስ

ቅዳሜ ጠዋት ከካዛንችስ የተነሳሁት ሽርሽር አምሮኝ አይደለም። አንድ ግቢ የምንኖረው ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ ደጃችን ላይ ቆመው፣ "የዶሮዎቻችሁ ቅንቅን ልጆቼን በላቸው። እስከ ማታ ካላስወጣችኋቸው ቀበሌ እሄዳለሁ" አሉ። እናቴ ደግሞ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋም ወሬዋም ዶሮዎቿ ናቸው። "እባክሽ ልጄ፣ አንዷን ሐኪም አሳዪልኝ" ስትለኝ ገብስማዋን ዶሮ ካርቶን ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ታክሲ ላይ

የለገሃር ታክሲ ረዳት ካርቶኑን አየና "እሷም ትከፍላለች" አለኝ። ጭኔ ላይ ናት ብለው ማን ሰምቶኝ፤ ከፈልኩ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ "ላምባ ቀቢያት" አሉኝ። ከኋላ አንዷ "ኧረ በረኪና ነው" አለች። አዲስ አበባ ውስጥ የዶሮ ሐኪም ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ስታዲየም ወርጄ ሰውነቴን እያከክሁ ወደ ደምበል አዘገምኩ።

ደምበል ጀርባ

የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነበር፤ ሐኪሟ ቁርስ ላይ ናት አሉኝ። ፀሐይ ሲጠብሰኝ ከቆየ በኋላ ሐኪሟ መጣች። ገብስማዋን ገልብጣ የጭራዋን ሥር ላባ ገለጠች። ቆዳዋ ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ ያለ ነገር ይርመሰመሳል።

"የአናቷ ኩክኒም ገርጥቷል፣ ቅንቅኑ ደሟን እየመጠጠ ነው። ሰሞኑን አዲስ ዶሮ ገብቷል?"

ክው አልኩ። በዓል ሲቃረብ ሳይወደድ ተብሎ አውራ ዶሮ ቀድሞ ይገዛል፤ ከግቢው ቆጥ ያለን እኛ ብቻ ስለሆንን ደግሞ "አሳድሩልን" ይባላል። ወይዘሮ ብርቄም ቀዩን አውራቸውን እኛው ጋ ከዶሮዎቻችን ቀላቅለውታል። ይህንኑ ነገርኳት።

"ሳታዩት?" አለች ሐኪሟ።

"የእንግዳ ላባ ተገልጦ ይታያል እንዴ?"

"ዶሮ ከሆነ ይታያል። ለብቻው ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚቀላቀለው።" የሚነሰነስ ዱቄት ሰጠችኝ። የሚተኙበትን ጭድ አቃጥሉ፣ የቆጡን ስንጥቅ ሁሉ በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት፣ ላምባ የሚባል እንዳታስነኩ ብላ ሸኘችኝ።

ቤት

በንዴት እየበረርኩ ገባሁና ቀዩን አውራ ይዤ ወይዘሮ ብርቄ ፊት ጭራውን ገለጥኩት። ይርመሰመሳል። ትንሽ አዩት።

"ታዲያ ከእናንተ ዶሮዎች ተጋብቶበት ነዋ" አሉ።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ፤ "ልክ ነሽ ብርቄ፣ ከእኛው ነው። በይ ነይ ውሃ እናፍላ።"

ጓዳ ተከትያት ገብቼ "እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?" ብል፣ "ዝም በይ። ጥፋቱን እሷ ከምትወስድ እኔ ብወስደው ዶሮዎቼ ይቀሩልኛል" አለችኝ።

አዲስ ዶሮ ለብቻው እንደሚቆይ፣ ላባው ተገልጦ እንደሚታይ ከዚህ ጉዞ ተምሬአለሁ። የእናቴን ትምህርት ግን እስካሁን አልቻልኩትም። አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ብርቄ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ቆጡ ላይ የፈላ ውሃ እያፈሰሱ፣ "ንጽሕና የሚባል ነገር ብታውቁ እኮ እዚህ ባልደረስን" ይላሉ። እናቴ "እውነትሽን ነው" እያለች ሌላ ማንቆርቆሪያ ታቀብላቸዋለች።

ቀበሌ አልሄዱም።