አፌን በባርኔጣ ሸፍኜ የነገርኩት ቀልድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «አንሾካሹክ» የሚል ነበር። ይሄን ለኔ ማለት ዶሮን ዋኚ እንደማለት ነው። እኔ እኮ ዲላ መኪና ተራ ቆሜ «ገደብ! ገደብ!» ብዬ ተሳፋሪ ስጣራ፣ ገደብ ከተማ ያለው ሰው «አቤት» የሚልልኝ ነበርኩ።

የቀጠሩኝም ለዚሁ ድምፄ መስሎኝ ነበር። ቀጣሪዬ ወይዘሪት ዘነበች ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ መምህርት ናቸው። የማይሰማ፣ የማያይ፣ ትምህርት አልገባ ያለው ልጅ አለ በተባለበት ሁሉ እየዞሩ ይመረምራሉ፤ ልጁ የት ተቀምጦ፣ እንዴት ቢማር እንደሚሻለው ይወስናሉ። ጌዴኦኛም ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል ሰው ሲፈልጉ መኪና ተራ መጥተው ጠየቁ፤ ሁሉም ወደኔ ጠቆመ። እስከ ስንት ተምረሃል ሲሉኝ፣ እስከ ሦስተኛ፣ ሦስተኛን ደግሞ ስለወደድኩት ሁለቴ አልኳቸው። አልሳቁም። ግን ቀጠሩኝ።

ያን ዕለት በሚሲዮኑ ክሊኒክ በረንዳ ላይ አንድ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። እኔ ከኋላው ራቅ ብዬ በሹክሹክታ «ፍየል» እላለሁ፤ ልጁ ከሰማ «ፍየል» ብሎ ይመልሳል። ሥራው ይሄው ነው። እኔም «ፍየል» አልኩ። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ፤ መርፌ ከሚወጋበት ክፍል ግን ሰዎች «ፍየል» ብለው መለሱልኝ።

«ታደለ» አሉኝ ወይዘሪት፣ «እኔ የምመረምረው የዚህን ልጅ ጆሮ ነው፤ የዲላን አይደለም።»

ማንሾካሾክ የተማርኩት ወይዘሪት ለጉዞ ከሚቀመጡባት በቅሎ ጋር ነው። መንገድ ላይ ከኋላዋ ሆኜ ስሟን በቀስታ እጠራለሁ። ጆሮዋን ካቆመች ጮኼያለሁ ማለት ነው፤ ከተወችኝ በደንብ አንሾካሽኬያለሁ። ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት እንደኔ የሚያንሾካሹክ ሰው እንደሌለ በቅሎዋ ትመስክር።

ይሄን ሥራ ያልሠራበት ሰው ልጁን አንዴ አይቶ መፍረድ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ ከቤተሰብ ጋር ወሬ ነው። ልጁ መቼ ዳኸ፣ መቼ ቆመ፣ መቼ አፉን ፈታ፣ ምን ታሞ ያውቃል። እናት ስታወራ ወይዘሪት አያቋርጡም፤ እኔ ላቋርጥ ስል ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ይረግጡኛል። «ደንቆሮ» ብዬ ካስተረጎምኩም ይረግጡኛል። «የማይሰማ በል፤ ደንቆሮ ስድብ ነው» ይላሉ። በዚያ ሥራ ስንት ጫማ ጨረስኩ።

ቀጥሎ ጆሮ በመብራት ይታያል። ፍስሐ ገነት ላይ አይሰማም ተብሎ ከመጣ ልጅ ጆሮ የቡና ፍሬ ወጣ። ይሄስ ታጥቦ ለኤክስፖርት ይሄዳል አልኩ። አባትየው ሳቁ። ወይዘሪት አልሳቁም።

ከዚያ ዓይን ነው። ሦስት እግር ያለው ምልክት የተሳለበት ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ልጁ እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በጣቱ ያሳያል። ማንበብ አይጠይቅም፤ እኔም ወድጄው የነበረው ለዚያ ነው። ገደብ ላይ ሰነፍ ተብሎ መጨረሻ ወንበር የተጣለ ልጅ፣ ከትልቁ ምልክት በቀር የሚያየው አልነበረም። ፊት ወንበር ሲቀመጥ ስንፍናው ለቀቀው።

በመጨረሻ የእንጨት ኩብ መደርደር፣ ቀይ ቡና ከአረንጓዴው መለየት፣ ሥዕል አይቶ ስሙን መናገር ይመጣል። ሥዕሉ ላይ እኔ አስቸገርኩ። ልጁ ሲጨንቀው አንጀቴ አይችልም፤ አፌን ሳልከፍት ፊቴ ይነግረዋል። ሥዕሉ ላም ከሆነ ጉንጬ ሣር ያመነዥካል፤ ድመት ከሆነ ዓይኔ ይጠባል። ወይዘሪት ይሄን ያዩ ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙኝ።

«ፊትህ አፍህን ይቀድማል» አሉኝ። ምስጋና መስሎኝ ኮራሁ።

ቀልድም የሥራዬ ክፍል ነበር። ልጆቹ መርፌ የሚወጉ እየመሰላቸው ተንቀጥቅጠው ይመጣሉ፤ እኔ አስቄ አላምዳቸዋለሁ። ወይዘሪት ቀልድ ለማላመድ ይሁን እንጂ ለምርመራ አይሆንም ይሉ ነበር። እኔ ግን በሆዴ፣ የሳቀ ሰምቷል፣ ያልሳቀ አልሰማም፣ ሰምቶ ያልሳቀ ደግሞ ወይዘሪት ዘነበች ናቸው እል ነበር።

አሁን ወደ ደጋዋ ከተማ ወደ ቡሌ ልውሰዳችሁ። የቡሌን መንገድ ዛሬም ይናፍቀኛል። ወይዘሪት በበቅሎ፣ እኔ የኩቡንና የሰሌዳውን ሳጥን ተሸክሜ እንወጣለን፤ ዝናቡ ከላይ ሲያልቅበት ከጎን ይመጣል። ጭጋጉ ውስጥ የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው። ከመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ባርኔጣ በዚያ መንገድ ነው ቅርጹን ያጣው። ያኔ እረግም ነበር፤ አሁን ግን ያንን ጭቃ ቢሰጡኝ እስመዋለሁ።

የተጠራነው አስቴር ለምትባል ልጅ ነው። አንደኛ ክፍልን እየደጋገመች ነው፤ ፊደል አልያዘችም። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አንደኛ ክፍልንም ራሳቸው ያስተምራሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ውጭ ቦታ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ገና ስንደርስ ነገሩን በግልጽ ነገሩን፦ ችግሯ የጭንቅላት ከሆነ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ትለቃለች፤ ሌላ ምክንያት ከተገኘ ትቆያለች።

አባቷ አቶ ጅግሶ እንሰት ገበሬ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። ንባብ የተማሩት ልጅ ወልደው ነው፤ ልጃቸው እንደሳቸው እንድትዘገይ አይፈልጉም። ገና በር ላይ ክንዴን ይዘው በጌዴኦኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ ትሰማለች፤ ንገርልኝ። ደንቆሮ ናት ተብሎ እንዳይጻፍ። ደንቆሮን ማን ያስተምራል?»

አይዞዎት አባባ፣ እኔ እያለሁ አልኳቸው። ያኔ አፌ እንዲህ ነበር።

ምርመራው በርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተጀመረ። ርእሰ መምህሩ ስለቸኮሉ የቤተሰብ ወሬው ለኋላ ተላለፈ። ልጆች መስኮቱ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው ያያሉ። የአስቴር ጆሮ በመብራት ሲታይ ንጹሕ ነው። ዓይኗ የሰሌዳውን ትንሿን ምልክት ከበሩ ላይ ሆኖ ይለቅማል። ቡሌ ደጋ ስለሆነ በቡና ፋንታ ባቄላና አተር ሰጠናት፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ለይታ ጨረሰች። ኩቡን ደግሞ እኔ ስደረድረው የሚወድቀውን እሷ አቆመችው።

ጆሮዋ ላይ ነገሩ ተምታታ። በሹክሹክታ የነገርኳትን ቃል አልመለሰችም። ግን ዝምታ ብቻውን አያስፈርድም፤ የገጠር ልጅ እንግዳ ፊት ይሽኮረመማል። ከኋላዋ ቃጭል ሲመታ ደግሞ ዞር አለች።

እንግዲህ ላላምዳት ብዬ ፊቷ ቆሜ የፍየሏን ታሪክ ነገርኳት፤ ያን የዲላ ክሊኒኩን። ከነእጄ፣ ከነዓይኔ፣ ከነመርፌ ወጊው ድንጋጤ። አስቴር ከሁሉም ቀድማ ሳቀች። ሳቁ የሚመጣበትን ቦታ ራሱ አልሳተችም። እንዲህ ዓይነት አድማጭ አግኝቼ አላውቅም፤ ደረቴ ተነፋ።

«ወይዘሪት፣ ይቺ ልጅ ትሰማለች» አልኩ። «እንዲያውም ከርስዎ ትሻላለች።»

አቶ ጅግሶ ፊታቸው በራ። ያኔ ርእሰ መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እንግዲያው ጆሮዋ ደህና ከሆነ፣ ዓይኗም ደህና ከሆነ፣ የቀረው ጭንቅላቷ ነው።»

የአቶ ጅግሶ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ የሚመልሱበት ቦታ ያጡ ይመስል። የለመኑትን አግኝተዋል። ያገኙት ነገር ግን ልጃቸውን ከክፍል ሊያስወጣት ነው። ያስወጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በቀልድ። አስቴር ሁላችንንም በየተራ ታየናለች፤ ከኛ ፊት ላይ ምን እንደተፈጠረ ትፈልጋለች።

ወይዘሪት ግን ልጅቱን ትተው እኔን ነበር የሚያዩት። ተነሥተው የመስኮቱን መዝጊያ ዘጉ፤ ልጆቹ ተበተኑ። አቶ ጅግሶንና ርእሰ መምህሩን ከአስቴር ኋላ አስቀመጡ። አሁን ከፊቷ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ሌላ ቀልድ ንገራት» አሉኝ። «ባርኔጣህን አፍህ ላይ አድርገህ።»

ባርኔጣውን ከዓይኔ በታች ያዝኩና ምርጡን አወጣሁ። የቡሌ ሰው ዲላ ወርዶ አዲስ ጃንጥላ ይገዛል። ሲመለስ ዝናብ ይይዘዋል። ጃንጥላዬ እንዳይበሰብስብኝ ብሎ በጋቢው ጠቅልሎ፣ እላዩ ላይ ጎብጦ ይሮጣል። ቤት ሲደርስ ከራሱ እስከ እግሩ ይንጠባጠባል። ሚስቱ ጃንጥላው የታለ ስትለው ከጋቢው አውጥቶ፣ «ይኸው፣ ጠብታ አልነካውም» ይላታል።

ርእሰ መምህሩ ቡሌ ውስጥ መሆናቸውን ረስተው ሳቁ። አቶ ጅግሶ ጭንቀታቸው መሃል ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጣቸው። አስቴር ግን ባርኔጣዬን እንደተዘጋ ሱቅ ታየዋለች።

«አሁን አውርደው» አሉ ወይዘሪት። «ያንኑ ንገራት። ድምፅህን ግን አታውጣ።»

እኔን፣ ታደለን፣ ድምፅ አታውጣ። ባርኔጣዬን ከአፌ አወረድኩ፤ ጃንጥላውን ገዛሁ፤ ሰማዩን አየሁ፤ ጃንጥላውን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ጎበጥኩና ቢሮውን ዞርኩት። ውኃውን ከቅንድቤ ጠረግኩ። ለሚስቴ አውጥቼ አሳየኋት። አንድ ድምፅ አልወጣኝም።

አስቴር እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በክፍሉ ውስጥ ከሷ ሳቅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ዞር ስል ወይዘሪት ዘነበችም በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘዋል። አብሬያቸው ስሠራ ያን ያህል ቆይቼ፣ ያሳቅኳቸው አፌን የዘጋሁ ቀን ነው።

በዕድሜዬ እንደዛች ልጅ ያዳመጠኝ ሰው የለም። አንዲት ቃል ግን አልሰማችም።

ቃጭሉም ያው ነው። መስኮቱ ላይ የነበሩት ልጆች ዓይናቸውን ወደ ቃጭሉ ሲወረውሩ እሷም ዓይናቸውን ተከትላ ነበር የዞረችው። ወይዘሪት ይሄን ካስረዱ በኋላ ለአቶ ጅግሶ በኔ በኩል ጥያቄ አቀረቡ፤ ታማ ታውቃለች ወይ? ትናንሽ ቃላት መናገር ጀምራ ሳለ ትኩሳት ይዟት፣ አንገቷ ደርቆ፣ ሞተች ብለው እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህም ቃሏ እንዳልጨመረ ነገሩን። ቤት ስትሆን እንዴት ነው የሚጠሯት ተብለው ተጠየቁ።

«መሬቱን እረግጣለሁ፤ ትመጣለች» አሉ። ከዚያ ወደ እግራቸው አይተው ጨመሩ። «ስሟን ከጠራሁ ቆይቻለሁ ማለት ነው።»

ይሄን ሳስተረጉም ያንሾካሾክኩት ማንም ሳያዘኝ ነው።

ርእሰ መምህሩ የክፍላቸውን ጥቁር ሰሌዳ በበሩ አሻግረው ተመለከቱ። እየጻፉ እንደሚያስተምሩ፣ ልጅቱ ስታይ የከረመችው ጀርባቸውን እንደሆነ ራሳቸው ተናገሩ። የሚያስተምሩት ደግሞ በአማርኛ ነው፤ አማርኛን ሳትሰማው ነው ጆሮዋ የተዘጋው። ወዲያው ተነሥተው የአስቴርን ወንበር ራሳቸው ተሸክመው ፊት አመጡት፤ እኔ ልያዝልዎት ብል እምቢ አሉ።

ወይዘሪት የወሰኑት ቀላል ነገር ነው። ፊት ትቀመጥ፤ መምህሩ መጀመሪያ ይጻፉ፣ ከዚያ ይዙሩ፣ ከዚያ ይናገሩ፤ ብርሃኑም ፊታቸው ላይ ይሁን። የማይሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት ቦታ እስኪገኝላት እዚያው ትማር። አቶ ጅግሶ ይሄ ማባረር ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨምርበት።

ሰኔ ላይ አስቴር ሁለተኛ ክፍል አለፈች። እኔ ሁለተኛን ያለፍኩት በስንት ልመና ነው።

በኋላ ወይዘሪት ዘነበች ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። በቅሎዋ ተሸጠች፤ እኔም ወደ መኪና ተራዬ ተመለስኩ። አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ስጠራ አቶ ጅግሶ በእጃቸው የቆርቆሮ ሳጥን፣ በጎናቸው አስቴርን ይዘው መጡ። በማይሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት ቦታው ተገኝቶላት ነበር። ሳጥኑን ጣራ ላይ ጫንኩላቸው፤ ሾፌሩን አደራ ብዬ እሷን በመስኮት በኩል አስቀመጥኳት።

ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ አስቴር ወደ ሌላ በኩል ታይ ነበር። አቶ ጅግሶ ከታች ሆነው እንደልማዳቸው መሬቱን ረገጡ። አውቶቡስ ላይ ላለ ሰው ግን የመሬት ርግጫ አይደርስም። እንደገና ረገጡ። አልዞረችም፤ ሾፌሩ ደግሞ ማርሽ አስገብቷል።

የአውቶቡሱን ጎን በመዳፌ ደበደብኩት፤ እኛ መኪና ተራ ሁሌ እንደምናደርገው። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠና አስቴር ዞረች። አባቷን አየች፤ እሳቸውም ስሟን ጠሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ በደንብ እንድታየው አድርገው። ከዚያ እኔን አየችኝና ነጠላዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ጎበጠች። ውኃ ከቅንድቧ ጠረገች። ነጠላውን አወጣችና አሳየችኝ፤ ጠብታ አልነካውም። መኪና ተራ መሃል ብቻዬን ስስቅ ሰው አበደ አለኝ። ቀልዱን ከኔ አሳምራ ነው የተናገረችው፤ ይሄን የምላችሁ ለናንተ ለወደፊት የሥራ ባልደረቦቼ ብቻ ነው።

አሁን አዲስ መርማሪዎች ወደኛ አገር ሊመጡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አስተርጓሚም ይቀጥራሉ። ለምትቀጠሩት የምላችሁ ይሄን ነው፦ ልጅ ስትመረምሩ አፋችሁን ሸፍኑ። መርምራችሁ ስትጨርሱ ግለጡት።