ልጁን አሰርኩት

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጂንካ ከሚገኘው ቤታችን በር ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የምጠብቅበት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው "አሰርኩት" ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ የጫማውን ክር ማለቱ ቢሆን እንኳ፣ የዚያን ቀን ጉም ፊቴ ላይ ይመጣል።

እህቴ ምሕረት እኛ ቤት መጥታ ወልዳ፣ ልጇ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ባሏ ዲመካ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ያን ቀን ወደ እሱ ልንመልሳት ነው። ናትናኤል ሁለተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያው በሁለት ወሩ እንደተኛ ቀርቷል። አልታመመም፣ አላለቀሰም፤ ተኛ፣ አልነቃም። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚያነሳ ሰው የለም። ግን ናትናኤል በተኛ ቁጥር አንዳችን ቀስ ብለን ሄደን ትንፋሹን እናዳምጥ ነበር።

አባዬ አሮጌውን ደብል ጋቢና ፒክአፕ አውጥቶ ከጓደኛው የተዋሰውን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከኋላው ቀጠለ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ኩንታል እህልና የልጁ መታጠቢያ ተጫነበት። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚይዘው ፒን ስለጠፋ አባዬ ከጓሮ ባገኘው ብረት ተካው።

"ይሄ ነገር ይይዛል?" አለች እማዬ።

"ከእኛ ትዳር በላይ ይይዛል።"

"ትዳሩንማ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ብረት አይደለም።"

ምሕረት ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጸለይንና ተነሳን። አባዬና እማዬ ከፊት፣ እኔና ምሕረት ከነልጁ ከኋላ።

እስከ ቀይ አፈር በሰላም ደረስን። ወደ ዲመካ ስንታጠፍ ኮረኮንቹ ጀመረ፤ ከኋላችን ያለው ተሳቢ በየጉድጓዱ ይንገጫገጫል። ዳገቱን እየወጣን ሳለ ጉሙ ወረደብን። የተራራው ጫፍ ላይ ስንደርስ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም ነበር። ራዲያተሩ ስለጋለ አባዬ ቆመና ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ለመጨመር ወረደ። እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ።

በጎን በኩል ስዞር አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ ወጥተው አጠገቤ ቆመዋል። ሲመጡ ኮቴያቸውን አልሰማሁም። በአንድ እጃቸው በትር፣ በሌላው የአካባቢው ሰዎች የሚቀመጡባትን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ይዘዋል። ከብት የሚጠብቁ የበና ብሔረሰብ ሰው መሆናቸውን ገመትኩ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ምሕረትና ወደ ልጁ ተመለከቱ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ልጅ እናት ይለቃል" አሉ፣ በተሰባበረ አማርኛ።

ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ለእኔ ድሮም ፈተና ነው።

"እናት ይሄዳል" አሉ፤ በበትራቸው መኪናውን ነካ አድርገው። "ልጅ ይቀራል።" በትሩን ወደ ኋላ ዘረጉት። ቀጥለው እጃቸውን ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ ዝቅ አድርገው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

የትኛው ልጅ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን "እሺ አባባ" ብቻ ብዬ ወደ አባዬ ሄድኩና የውሃውን ጄሪካን ያዝኩለት። ሽማግሌው ምን እንዳሉኝ አልነገርኩትም። ምሕረት ከሰማች ምን ትሆናለች የሚለው ብቻ ነበር የታየኝ።

ኮፈኑ ተዘጋ፤ ሞተሩ ተነሳ። በሬን እየዘጋሁ ሳለ የሽማግሌው ድምፅ ከኋላ መጣ። ከሞተሩ ጩኸት የለየሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው።

"ልጁን አሰርኩት።"

የተማርኩ ነኝ፤ እንዲህ ባለ የመተት ነገር አላምንም እል ነበር። ግን ወዲያው ዞሬ ናትናኤልን አየሁት። ተኝቷል። ከጂንካ ስንነሳ ሲያለቅስ የነበረ ልጅ፣ መኪናው እንደዚያ እየናጠው፣ ጭጭ ብሏል። ምሕረት እንዳታየኝ ጋቢውን የማስተካክል መስዬ ጣቴን አፍንጫው ሥር አደረግኩ። ጣቴ በርዶ ስለነበር ትንፋሹ ይሰማኝ አይሰማኝ መለየት አልቻልኩም።

"ምን ሆንሽ?" አለች ምሕረት።

"ምንም። እንዳይበርደው ብዬ ነው።"

ትንሽ እንደሄድን አንዲት ሴት የሣር ሸክሟን መሬት ጥላ መንገዱ ዳር ቆማለች። ልክ ስናልፋት ሁለት እጇን አጨበጨበችና "ልጅ! ልጅ!" እያለች ጮኸች።

"ምን አለች?" አለች ምሕረት፤ ልጁን ወደ ደረቷ ስባ።

"ፎቶ አንሱኝ ነው የምትለው። ቱሪስት መስለናት ነው" አለ አባዬ።

"የኔን ጥርስ አይታ ነው ቱሪስት ያለችን?" አለች እማዬ። ግን አልሳቀችም። መስኮቷን ዘጋችና ከንፈሯ ለጸሎት መንቀሳቀስ ጀመረ። ምሕረት ልጁን ጉንጩን ነካ ነካ አደረገችው። አልነቃም።

"እማዬ፣ አይነቃም" አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ሽማግሌው የተናገሩትን ከመጀመሪያው አስታወስኩ። ፊታቸውን ሳይሆን በትራቸውን። "እናት" ሲሉ በትሩ የነካው መኪናውን ነው። "ልጅ" ሲሉ በትሩ የተዘረጋው ወደ መስኮቱ አልነበረም። ወደ ኋላ ነበር።

"አባዬ፣ ቁም" አልኩ።

"ምን?"

"ቁም አልኩህ!"

በሕይወቴ አባቴን አዝዤው አላውቅም። ደንግጦ ቆመ። የቆመው ቁልቁለቱ ሊጀምር ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ነው።

ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። ብዙ ቆየ። ተከትዬው ስሄድ ተንበርክኮ አገኘሁት። ከጓሮ ያመጣው ብረት የለም፤ የሆነ ቦታ ወድቋል። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ይዞት የነበረው ጥጃ የሚታሰርበት ጠፍር ነው። አራት ጊዜ ተጠምጥሞ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ አንዱ ዙር ግን ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

"ይሄን ማን አሰረው?" አለ አባዬ፣ በሹክሹክታ።

ነገርኩት። ኮፈኑ ሥር ሆነን ውሃ ስንጨምር ሽማግሌው ከኋላ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ለእሳቸውም፣ "ልጅ!" እያለች ለጮኸችው ሴትም መኪናው እናት ነው፤ ተከትሎት የሚሄደው ተሳቢ ልጅ።

ከመኪናው ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ሮጥኩ። ናትናኤል ነቅቶ፣ ሸንቶ፣ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። ምሕረትም እያለቀሰች ትስቃለች። እማዬ "አልቅስ፣ የኔ ጌታ፣ አልቅስ" ትለዋለች።

አባዬ ከመፍቻዎቹ መካከል ወፍራም ቡሎን ፈልጎ አስገባ፤ በላዩ ላይ በሽቦ አሰረው። ጠፍሩንም አልፈታውም። ቁልቁለቱን በእግር ፍጥነት ወረድነው፤ ዲመካ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው።

ዛሬም ሳስበው የሚያስፈራኝ ጠፍሩ አይደለም። እየፈራሁ ዝም ማለቴ ነው። አንዲት "የትኛው ልጅ?" የምትል ጥያቄ ፈርቼ አምስታችንንም ገደል ልከት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጠፍሩን ጠቅልዬ ብቻዬን ወደ ቀይ አፈር የሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ተራራው ጫፍ ላይ ወረድኩ። ጉሙ ተገልጧል። ሽማግሌው ከቆሙበት ቦታ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ስመለከት፣ ከሥር አንድ የዛገ ተሳቢ ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገልብጧል። በጎማዎቹ መካከል ዛፍ በቅሎበታል። የጎተተው መኪና የለም፤ እናት ሄዳ ልጅ ቀርቷል።

ወደ ፊት ተራመድኩና ሣር የተሸከመችዋን ሴት እዚያው አካባቢ አገኘኋት። ጠፍሩን ሳሳያት አወቀችው። ሽማግሌው ዲመካ ገበያ መውረዳቸውን በእጇና በጥቂት ቃል ነገረችኝ። ምናልባት መንገድ ላይ ተላልፈን ይሆናል። ጠፍሩን ተቀበለችኝና የተበጠሰውን ጫፍ በጣቷ እየዳሰሰች ቀና ብላ አየችኝ።

"ልጅ?" አለች።

ይህን ጊዜ አልፈራሁም። "ደህና ነው" አልኳት። "ከእናቱ ጋር ነው።"

የትኛውን ልጅ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የሁለቱም መልስ አንድ ነበር።