አንድ ሞት፣ ሦስት ስም

ፍራሽ ሰፊዋን ሰፈርተኛው ሁሉ «ጥጤ» ነው የሚላት። ፀጉሯ ውስጥ፣ ቅንድቧ ላይ፣ አንዳንዴም ሻይዋ ውስጥ ጥጥ አይጠፋም። ቀልደኞች «እሷ ስታስነጥስ ትራስ ይሞላል» ይላሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የምትሠራው ግቢው በር ላይ ነው። ያረጀ ፍራሽ ትተረትራለች፣ የተጋገረውን ጥጥ ሸራ ላይ አስጥታ በዱላ እየመታች ታፈታታለች፣ ከዚያ መልሳ በወፍራም መርፌ ትሰፋለች።

ባሏ ሲጠጣ ኖሮ በመጠጥ የሞተ ሰው ነበር። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው። ልጁ ጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ይጭን ነበር፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ግን ቤት መዋል ጀመረ። ቤት የዋለ ጎረምሳ ደግሞ ነገር ይፈልገዋል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጎረቤታቸው ሹፌሩ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ያጥብ ጀመር። የሳሙናው እጣቢ እየፈሰሰ መጥቶ ሸራው ሥር ገባ። ጥጡ ራሰ።

«ኧረ ውሃውን!» አለች ጥጤ።

«እትዬ፣ መንገዱ የጋራ ነው፤ ሰብስቢዋ!» አለ ሹፌሩ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሰቻት ጥጤ ናት፤ ያንን ውለታ ሳያነሳ አይውልም። ያን ቀን ግን አለቃው አስከፍቶት ነበር የመጣው። ልጇ ከቤት ወጣ። ቃል ቃልን ወለደ። በመጨረሻ ሹፌሩ «ሂድ ወዲያ፣ የሰካራም ልጅ!» አለው።

ልጁ ፊቱን ወደ ቤት አዞረ። «እገለዋለሁ» አለ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፤ ቤት ገብቶ ከአልጋው ሥር ትርፉን የጥጥ ዱላ ይዞ ወጣ። ጥጤ እርጥቡን ጥጥ እንደታቀፈች ቆማ አየችው። «ተው ልጄ!» ከአፏ ሳይወጣ ሹፌሩን ጭንቅላቱ ላይ መታው። አንዴ ብቻ። ሹፌሩ በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ለታሰረው ልጅ መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ገና ወጣት ናት። ጥጤ ዘንድ መጥታ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች።

«ሞቱ አንድ ነው እማማ፤ በሕግ ግን ሦስት ስም አለው። አስቦ፣ ተዘጋጅቶ የገደለ ከባድ ግድያ ይባላል፤ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል። በጠብ መሀል ቱግ ብሎ የገደለ ተራ ግድያ ነው። ሳይፈልግ፣ በቸልተኝነት የገደለ ደግሞ ሌላ ነው።»

«ተራ?» አለች ጥጤ። «የሰው ሞት ተራ ይባላል?»

ጠበቃዋ አቀረቀረች። «ስሙ ነው እማማ። ለልጅዎ ግን ዕድሜው ነው። ዓቃቤ ሕጉ ከባድ ነው ብሎ ከሷል። ዱላውን ደጅ አግኝቶ ካነሳው ንዴት ነው ይባላል፤ ቤት ገብቶ ካመጣው ግን አስቦበታል ይላሉ። እርስዎን በምስክርነት ጠርተዋል።»

የጥጤ ታላቅ እህት ይህን ስትሰማ በጥድፊያ መጣች። «ዱላው ደጅ ነበር በያ! የጥጥ ዱላ አይደል፣ ሁሌ ደጅ አይደል የሚውለው? የሞተው እንደሁ አይመለስ፤ ያለውን አታጥፊ!»

ጥጤ ግድግዳውን አየች። የሟች ሚስት ከስስ ግድግዳው ማዶ ናት። አንድ ቀን እንኳ አልሰደበቻትም። ልጇን ስታባብል ብቻ ይሰማል፤ ሕፃኑ «አባዬ» ሲል ደግሞ ወዲያው ጸጥ ይላል። ጥጤ መርፌው እጇን እየወጋት፣ የሰፋችውን መልሳ እየተረተረች ሰነበተች።

ችሎቱ ጠባብ ነበር። ልጇ ፀጉሩን ተላጭቶ ሲያያት ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ዱላውን ከየት አመጣው?» አለ ዓቃቤ ሕጉ።

ጥጤ የምስክር መቆሚያውን ያዘች። እህቷ ከኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቤት ገብቶ ነው ያመጣው። ከአልጋ ሥር።»

ልጁ ግንባሩን መደገፊያው ላይ ደፋ። ጠበቃዋ ደንግጣ ተነሣች። «እማማ፣ የሰካራም ልጅ ተብሎ ሲሰደብ ምን አለ?»

«እገለዋለሁ አለ።» ዳኛው ቀና አሉ። ጥጤ ግን አላቆመችም። «ጌታዬ፣ እኛ ቤት ይሄ ቃል እንደ ደህና አደርክ ነው። አባቱ ምሳ ሲዘገይበት እገልሻለሁ ይለኝ ነበር፤ ቀበቶውንም ይፈታል። እኔም ልጁ ጫማ ሲያጠፋ እገልሃለሁ እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ማንም ሞቶ አያውቅማ። ባዶ ቃል መስሎን ኖርን።»

ሲፈርዱ ዳኛው ድርጊቱ የታሰበበት ሳይሆን በስድብና በንዴት የተፈጸመ ነው አሉ፤ አስተዳደጉንም በማቅለያ ያዙለት። ተራ ግድያ ተባለ፤ አሥራ አራት ዓመት። የሟች ሚስት ፍርዱን ሰምታ ልጇን አዝላ ወጣች። የጥጤ እህትም በሌላው በር ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠችም።

ማረሚያ ቤት ስትሄድ ልጇ አልወጣም አላት። ደጋግማ ተመለሰች። አንድ ቀን መጣና ከሽቦው ወዲያ ቆመ።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «ዱላውን ከየት እንዳነሳሁት ትዝ አይለኝም ነበር። ደጅ ያገኘሁት ነበር የሚመስለኝ። አንቺ ስትናገሪ ነው አልጋው የታየኝ።»

«ጠላኸኝ?»

«እንጃ።» ሽቦውን በጣቱ ነካካ። «ሚስቱስ?»

«ሰፈር ለቃለች።»

«ወዴት?»

«በምን አፌ ልጠይቅ ልጄ?»

ዘበኛው ሰዓት አልቋል አለ። ልጁ ጥቂት ሄድ ብሎ ዞር አለ። «ስትመጪ ካልሲ ያዥልኝ። ሲሚንቶው ይበርዳል» አለና ገባ።

ጥጤ ወረፋ የሚጠብቁትን ሌሎች እናቶች እያለፈች ወጣች። አንዷ «ያንቺስ በምን ገባ?» አለቻት። ጥጤ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ከሦስቱ የትኛውን ስም እንደምትል ጠፋት።